70 በመቶ ያለቀ፣ ውሃ የማያሳልፍ ቦይ

የአንድ የመስኖ ቦይ ግንባታ የጥር ወር ሪፖርት የሥራው አፈጻጸም ወደ 70 በመቶ ደርሷል ይላል። ቁጥሩ በደማቁ ተጽፏል። ከሥሩ ፎቶ አለ፦ አዲስ የድንጋይ ቦይ፣ ቀጥ ብሎ የሄደ፣ ጠርዙ በሲሚንቶ የተለሰነ። ይህን ያየ ሰው በመጪው ወር ውሃ ይለቀቃል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ገበሬዎቹም እንደዚያ ነው የጠበቁት። አንዳንዶቹ የሽንኩርት ችግኝ ሁሉ አፍልተው ነበር።

ውሃው ግን ከጠለፋው፣ ማለትም የወንዙን ውሃ ወደ ቦዩ ከሚመልሰው ግንብ፣ ተነስቶ 400 ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መሄጃ አልነበረውም።

ቦታው በጅማ ዙሪያ፣ ከከተማው ብዙም የማይርቅ ቀበሌ ነው። የቀበሌውንም፣ የተቋራጩንም፣ የአማካሪውንም፣ የባለቤት መሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ድርጅት ብቻ ችግር ስላልሆነ ስማቸው ለጉዳዩ የሚጨምረው የለም። እኔ የገባሁት ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ሥራውን በሌላ ዓይን የሚያይለት መሐንዲስ ስለፈለገ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «70 በመቶው እውነት ነው ወይ?»

መልሱ «አዎ» ነው። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ማንም አልዋሸም።

ሥራው ምን ነበር

ጅማ ዝናብ አያጣትም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። «እዚያ ደግሞ መስኖ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ዝናቡ ግን ለዓመቱ እኩል አይዳረስም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ አትክልት ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውም ያኔ ነው። በጋ ላይ በመስኖ ስንዴ መዝራት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የውሃው ፈላጊ በዝቷል።

ጣጣው ግንባታውም የሚመቸው በእነዚያው ወራት መሆኑ ነው። መጋቢት ላይ ዝናቡ ብቅ ማለት ይጀምራል። ሰኔ ከገባ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ወደ ሳይት የሚወስደውን የአፈር መንገድ አይደፍረውም። ስለዚህ የካቲት ላይ የሚባክን አንድ ወር ዋጋው አንድ ወር አይደለም። የቀጣዩን በጋ ምርት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ፕሮጀክቱ ትንሽ ነው። በአገራችን አመዳደብ ከ200 ሄክታር በታች የሚያለማ መስኖ አነስተኛ ይባላል፤ ይኼኛው የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። ወደ ግልገል ጊቤ ከሚፈስሱት ወንዞች በአንዱ ላይ የኮንክሪት ጠለፋ ይሠራል። ከጠለፋው 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ዋና ቦይ ይወጣል። ቦዩ በድንጋይ የተገነባ፣ ወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ ውስጥ 45ቱ ለውሃው፣ 15ቱ ደግሞ ለክፉ ቀን የተተወ ትርፍ ነው። ቁልቁለቱ በሺህ ሜትር አንድ ሜትር። በመንገዱ ላይ ሁለት ቦረቦር አለ። ሁለቱንም ውሃው በድልድይ፣ መሐንዲሶቹ ፍሉም በሚሉት፣ መሻገር አለበት።

አፈሩ ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ ተዳፋቱ የታወቀው የጅማ ቀይ አፈር ነው፤ ለመቆፈርም ለመጠቅጠቅም የማያስቸግር። ወደ ታች ሜዳው ላይ ግን ጥቁር አፈር ይጀምራል። ኮትቻ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ድንጋይ ይሁን ኮንክሪት፣ እላዩ ላይ ያረፈውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል።

70 በመቶው ከየት መጣ

በሥራ ዝርዝሩ መሠረት ጠለፋው ብቻውን የውሉን ዋጋ 40 በመቶ ያህል ይይዛል። ጠለፋው አልቋል። ሳይት የደረሰ ድንጋይና ሲሚንቶ በከፊል ተከፍሎበታል። ቦዩም ተሠርቷል፤ ግን በቁርጥራጭ። ሜዳ በሆነበት፣ መኪና በሚጠጋበት፣ ቁፋሮው በሚቀልበት ቦታ ሁሉ ግንበኞቹ ገብተው ሠርተዋል። ከባዱ ቦታ ተዘሏል። ሁለቱ ፍሉሞች አልተጀመሩም። መንገድ ማቋረጫው አልተጀመረም። ከገደሉ ጥግ የሚያልፈው የግንብ ድጋፍም እንደዚሁ።

ተቋራጩን ለምን ብዬ ስጠይቀው አልተደበቀም። «ኢንጂነር፣ ብር የሚገባው በሜትር ነው» አለኝ። «ፍሉም ላይ ብረት አለ፣ ፎርምወርክ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ጣውላ) አለ፣ አንድ ወር ይበላል። ሜዳው ላይ በሳምንት ይህን ሁሉ ሜትር እለካለሁ።» ሰውየው ክፋት የለበትም። ቅድመ ክፍያው በሲሚንቶ ዋጋ አልቆበታል፤ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈለዋል። ውሉ ራሱ ነው ቀላሉን ሜትር እንዲያሳድድ ያደረገው።

አማካሪው በበኩሉ የተለካውን ለክቶ አረጋግጧል። ሪፖርቱ ላይ የወጣው ቁጥር የተከፈለው ገንዘብ ከውሉ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው ነው። ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ለሒሳብ ክፍል። ለገበሬው ግን ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ሁለተኛ ቁጥር ማውጣት ሆነ፦ ከጠለፋው ጀምሮ ሳይቋረጥ ውሃ ማሳለፍ የሚችለው ርዝመት ስንት ነው? መልሱ 400 ሜትር። ከ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 13 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኳቸው። 70 እና 13። ስብሰባው ላይ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርሃዊ ሪፖርቱ ሁለቱንም እንዲይዝ ተስማማን። የመጀመሪያው ባለበት ይቀጥላል፤ ክፍያ የሚሠራው በእሱ ነው። ሁለተኛው ግን ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት

የሥራ ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ተሠርቶ ታትሞ ፋይል ውስጥ ነበር። ፎርማኑ አንድም ቀን ገልጦት አያውቅም፤ ምክንያትም አልነበረውም። መስኖ ቦይ ደግሞ እንደ ሕንፃ አይደለም። ሕንፃ አንድ ቦታ ቆሞ ወደ ላይ ያድጋል። ቦይ ወደ ጎን የሚረዝም ሥራ ነው። አንዱ ጫፍ ሲለሰን ሌላው ጫፍ ገና ይመነጠራል።

ስለዚህ ረጅም ወረቀት አስቀጥለን የሳይት ቢሮው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ቦዩ ከ0+000፣ ማለትም ከመነሻው ዜሮ ሜትር፣ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በየ50 ሜትሩ ተከፋፈለ። ከሥሩ ረድፎች አሉት፦ ምንጣሮ፣ ቁፋሮ፣ የወለል ዝግጅት፣ ግንብ፣ መገጣጠሚያ፣ ልስን፣ የጀርባ ሙሊት። ማታ ማታ ፎርማኑ ያለቀውን ሳጥን በእርሳስ ይቀባል። የእኛ ሰው አይቶ ሲፈርም በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። እርሳስ ማለት ተሠርቷል፤ ቀይ ማለት ታይቷል።

ይህ ወረቀት ከሠራነው ሁሉ የበለጠ ጠቅሟል። ፎርማኑ ዕድሜ ጠገብ ሰው ነው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። ወረቀቱን መጀመሪያ ቀን ሲያየው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በጣቱ ባዶዎቹን ዓምዶች ነካ ነካ አደረገ። «እነዚህ እኮ ሁሉም ከባዶቹ ናቸው» አለ። ሪፖርቱ በወራት ያልተናገረውን ወረቀቱ በአንድ እይታ ተናገረ። በሳምንቱ ከግንበኞቹ ጥሩ የሆኑት ወደ መጀመሪያው ቦረቦር ተዛወሩ።

በነገራችን ላይ፣ ከባለቤቱ በኩል አንድ ወጣት ባለሙያ ሥራውን ለምን በሳተላይት አንከታተልም ብሎ ነበር። ሐሳቡ አያስቅም፤ ለትልቅ ግድብ ይሠራል። ግን በነፃ የሚገኘው የሴንቲነል 2 ሳተላይት ምስል አንድ ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። የኛ ቦይ ግድግዳው ተደምሮ እንኳ ሁለት ሜትር አይሞላም። ምስሉ ላይ በቆሎ እንጂ ቦይ አይታይም። የስልክ ጂፒኤስም ቢሆን የት እንደቆምክ በጥቂት ሜትር ስህተት ይነግርሃል፤ ለከፍታ ግን ጨርሶ አይታመንም። በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ ለሚወርድ ቦይ ከሌቭልና ከስታፍ፣ ከከፍታ መለኪያው መነጽርና ከሚነበበው ዘንግ፣ ሌላ አማራጭ የለም። ስልኩን ለፎቶ ተጠቀምንበት፤ እሱም ቼኔጁ (ከቦዩ መነሻ ያለው ርቀት) የተጻፈበት ሰሌዳና የተዘረጋ ሜትር ፎቶው ውስጥ ካለ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የአዲስ ግንብ ፎቶ ሁሉ ይመሳሰላል።

12 ሴንቲ ሜትር

ሜዳው ላይ የተሠሩት ቁርጥራጮች ለየብቻቸው ሲታዩ ያምራሉ። ግንበኞቹ ፈትል ወጥረው፣ ውሃ ልክ አስቀምጠው ነው የሠሩት። ጥያቄው ቁራጭ ከቁራጭ ሲገናኝ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቦይ ተዘላሎ ሲሠራ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፍታውን የሚወስደው በአቅራቢያው ካለ ቤንች ማርክ፣ ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት፣ ነው። አንዱ ቤንች ማርክ ከተሳሳተ ከእሱ የተነሳው ቁራጭ በሙሉ ተሳስቶም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዓይን አይታወቅም።

ሰርቬየሩን ይዘን ከጠለፋው ጀምረን ሌቭል እያነበብን እስከ መጨረሻው ሄደን፣ በሌላ መስመር ተመለስን። በዚህ ርቀት ልዩነቱ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ከመጀመሪያው ቦረቦር ማዶ ባለችው ቤንች ማርክ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር መጣ። ደግመን አነበብን። 12።

ቤንች ማርኳ በቀይ ቀለም ትልቅ ድንጋይ ላይ የተሠራች ምልክት ነበረች። ድንጋዩ ሥር ስንጎነበስ አንዱ ጎኑ ትኩስ አፈር ነው፤ የኤክስካቫተር ጥርስ የቧጨረውም ይታያል። ማሽኑ ሲያልፍ ገፍቶታል፣ ድንጋዩ ተንጋዶ ምልክቱ ከፍ ብሏል። ከዚያ በኋላ በዚህች ምልክት 140 ሜትር ቦይ ተገንብቷል፤ ከቦረቦሩ ማዶ ውሃው በደረጃ ወደ ታች እስከሚወርድበት የመጀመሪያው ግንብ ድረስ።

12 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። በዚህ ቁልቁለት ግን 120 ሜትር ተጉዞ የሚገኝ ውድቀት ነው። ወለሉ በድንገት 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲዘል ውሃው ከኋላው ይቆማል፤ ከፍ ብሎ ካልሆነ አያልፍም። ለክፉ ቀን ከተተወው 15 ሴንቲ ሜትር የሚተርፈው ሦስት ብቻ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቦዩ ውስጥ ቢወድቅ ውሃው ግድግዳውን ዘሎ ይወጣል። ዘሎ የወጣ ውሃ ደግሞ የፍሉሙን መሠረት ነው የሚቆፍረው። በዚያ ላይ የቆመ ውሃ ደለል ይጥላል።

ክርክሩ ረጅም ነበር። ተቋራጩ ከላይ ያለውን ግድግዳ በአንድ ረድፍ ድንጋይ እናሳድግ አለ። ይረክሳል፤ ውሃውም ግድግዳውን አይዘልም። ደለሉ ግን እዚያው ይተኛል፤ በየዓመቱ የሚጠርገው ገበሬው ነው። ሌላው አማራጭ ከአዲሱ ቁራጭ ወለሉን ብቻ ዝቅ ማድረግ ነበር። ያ ደግሞ የግድግዳውን መሠረት ያጋልጣል። በመጨረሻ 140 ሜትሩ ፈርሶ እንዲሠራ ተወሰነ። የከፍታ አሰጣጥ በውሉ የተቋራጩ ኃላፊነት ስለሆነ ወጪው በእሱ ሆነ። አማካሪው ግንብ ከመጀመሩ በፊት ከፍታውን አይቶ መፈረም ነበረበት። አልፈረመም፤ ማንም ሪኩዌስት (የፍተሻ ጥያቄ) አላቀረበለትም። ይህን ስብሰባው ላይ ያነሳው ተቋራጩ ነው። ልክም ነበር። ድንጋዩ ተመልሶ አገልግሏል፤ የጠፋው ሲሚንቶና የሦስት ሳምንት ጉልበት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤንች ማርኮቹ ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ ብረት ተተኩ፤ ከማሽን መንገድ ራቁ። ሰርቬየሩም አዲስ ቁራጭ ከመጀመሩ በፊት ከሁለት ቤንች ማርክ ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ ፈትል አይወጠርም።

አንድ ባልዲ ውሃ

ጥራት ላይ ብዙ ወረቀት ነበር። የኮንክሪት ኪዩቦች ውጤት ፋይሉን ሞልቶታል። ሁሉም አልፈዋል። 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ኪዩቦች በ7 እና በ28 ቀን ላብራቶሪ ገብተው ይሰበራሉ፤ ሲ-20 ለሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ የሚጠበቀውን ሰጥተዋል። ግን ኪዩብ የሚነግርህ ከሚክሰሩ የወጣው ኮንክሪት ምን እንደሆነ ነው። ኪዩቡ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚጠነክረው። የቦዩ ወለል ግን ፀሐይ ላይ ነው። በዚያ ላይ የትኛው ቅይጥ ለኪዩብ እንደሚወሰድ የሚመርጠው ተቋራጩ ራሱ ነበር፤ ጠዋት፣ ሁሉም ሰው ንቁ በሆነበት ሰዓት። ይህን ቀየርነው። የእኛ ሰው ሳይታሰብ ከሰዓት በኋላ መጥቶ «ከዚህች» ይላል።

ዋናው ነገር ግን ኮንክሪቱ አልነበረም። ከጠለፋውና ከፍሉሞቹ ውጪ ቦዩ በሙሉ ግንብ ነው። ለግንብ ደግሞ ኪዩብ የለም።

የግንብ ማታለያ አንድ ነው፤ ሁሉም ግንበኛ ያውቃል። ፊቱ ላይ ድንጋዩ በደንብ ይደረደራል፣ በሞርታር ይሞላል፣ ይለሰናል። መሐሉ ላይ ግን ጥራቢ ድንጋይ በደረቁ ይወረወራል። ሞርታር ይተርፋል፣ ሥራ ይፈጥናል። ከውጭ ሲታይ ግንቡ ጤነኛ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ገና ከላይ ያልተለሰነ ግድግዳ መረጥን። አንዱ የቀን ሠራተኛ ባልዲ ውሃ አመጣ። ከግንቡ አናት ላይ፣ በመሐሉ በኩል፣ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ግንቡ የሞላ ቢሆን ውሃው ላዩ ላይ ይንጣለልና በጎን ይወርዳል። ይሄኛው ጠጣው። ባልዲው አለቀ። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው እግር፣ ከሁለት ድንጋዮች መካከል፣ ቡናማ ውሃ ወጣ። አንደኛው ግንበኛ «የስንጥቁ ነው» ብሎ ለመከላከል ሞከረ። ጋሼ ዞር ብሎ አየው፤ ግንበኛውም ዝም አለ። ያንን ሁለት ሜትር ስናፈርሰው መሐሉ ላይ ሞርታር ያልነካው ድንጋይ በእጅ ይለቀም ነበር።

በባልዲ የተፈተነው ግድግዳ ብዙ ነው። አብዛኛው አለፈ፤ የወደቀው የአንድ ቡድን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ነበር፤ ሌሎቹ በቀን። ይኼ ብቻውን ምክንያት ነው አልልም፤ ግን በአጋጣሚም አይመስለኝም።

ሌላው የግንብ ጣጣ ውስጡ ነው። ወለሉና ግድግዳው ሸካራ ሆኖ ሲቀር ማንም አያስተውልም። ውሃው ግን ያስተውላል። ይህ ቦይ በሰከንድ 135 ሊትር ያህል እንዲያሳልፍ ሲነደፍ ደህና የተለሰነ ፊት ታስቦለት ነው። ድንጋዩ አፍጥጦ ከቀረ በዚያው ጥልቀትና ቁልቁለት የሚያልፈው ወደ 110 ሊትር ይወርዳል። አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው። የጠፋው ሁልጊዜ ከጅራት ላይ ነው፤ ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ገበሬ ድርሻ።

አሸዋው ላይም ትንሽ ልበል። ጅማ ጥሩ አሸዋ በቅርብ አታገኝም፤ ከሩቅ ተጭኖ ስለሚመጣ ውድ ነው። ስለዚህ ጭቃ የበዛበት የወንዝ አሸዋ የመቀላቀል ፈተና አለ። የደለሉ መጠን ከ6 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለመፈተሽ ላብራቶሪ አያስፈልግም። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አሸዋ፣ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። አናውጦ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ይተኛል፤ በማስመሪያ ይለካል። የእያንዳንዱ መኪና ጠርሙስ ቢሮው መስኮት ላይ ተደረደረ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ። አንድ ሙሉ ጭነት ከተመለሰ በኋላ ሳቁ ቀረ።

ውሃ ማጠጣትስ? ግንብና ኮንክሪት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ መሆን አለበት፤ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። መዝገቡ ሁልጊዜ «ውሃ ጠጥቷል» ይላል። ሐሙስ ግን የጅማ ገበያ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ግማሹ አይመጣም። እሑድ ማንም የለም። ዓርብ የተለሰነው ግድግዳ ሰኞ ስንደርስ ነጭ ሆኖ፣ በጥፍር ሲጫር ዱቄት እየረገፈ ጠበቀን። መፍትሔው ከኢንጂነሪንግ የወጣ አይደለም። ከቦዩ አጠገብ የሚኖር አንድ ወጣት ግንቡን በጆንያ እየሸፈነ ውሃ እንዲያጠጣ ተቀጠረ። ክፍያው ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው።

ቦረቦሩን የሚያውቁት

የመጀመሪያው ፍሉም በንድፉ ላይ ቦረቦሩ መሐል አንድ ምሰሶ ነበረው። ቁፋሮ ሊጀመር ሲል አንድ አዛውንት ገበሬ መጥተው በኦሮምኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጋሼ ተረጎመልን። ክረምት ላይ እዚህ የሚያልፈው ጎርፍ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምሰሶው ግንዱን ይይዛል፣ ግንዱ ሌላ ግንድ ይይዛል፣ ከዚያ ሁሉም ይሄዳል። አዛውንቱ ማስረጃም ነበራቸው። ቦረቦሩ ዳር ካለ ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ደርቆ የተጠመጠመ ሣርና ጭራሮ አሳዩን። ያለፈው ክረምት የጎርፍ ልክ።

ፍሉሙን ከፍ ማድረግ አይቻልም፤ ከፍታው በቦዩ ታስሯል። ምሰሶውን ማስቀረት ግን ይቻላል። ሁለት አጭር ስፓን (ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለው የድልድይ ርዝመት) በአንድ ረጅም ተተካ፤ ብረቱ ጨመረ፤ የለውጥ ሥራ ትእዛዝ ተጻፈ። አማካሪው ቅር ብሎት ነበር። ንድፉን ሲሠራ ቦረቦሩን ያየው በጋ ላይ፣ ደረቅ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሁለት ሰዎች በሳምንታዊው የሳይት ጉብኝት እንዲገኙ ተደረገ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ቆይቷል፤ ቦዩን ተረክቦ የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው። ነገ የሚረከበው ሰው ዛሬ ሲገነባ ማየቱ ተገቢ ነው። አንደኛው 60 ሴንቲ ሜትር የተለካ ዱላ ይዞ ይዞር ጀመር። ወለሉ የጠበበ ቦታ ካገኘ ዱላውን አጋድሞ ቆሞ ይጠብቀናል።

ጥቁሩ አፈር

ሜዳው ላይ ውሉ የሚለው ኮትቻው ተቆርጦ እንዲወጣና በቀይ አፈር እንዲተካ ነው። ቀዩ አፈር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ ተመጥኖ፣ በላብራቶሪ ከሚገኘው ከፍተኛ ጥግግት እስከ 95 በመቶ መጠቅጠቅ አለበት። ከግድግዳው ጀርባ ጉድጓድ ስናስቆፍር ላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ቀይ ነው። ከሥሩ ጥቁር። ከቦዩ የወጣው አፈር ተመልሶ ገብቷል። ቀይ አፈር ከላይኛው ተዳፋት በመኪና መምጣት ነበረበት፤ ነዳጅ ይበላል።

እዚህ ላይ ሁሉንም ማስፈረስ አልተቻለም። የካቲት እያለቀ ነበር። ከማኅበሩም ከተቋራጩም ጋር የተደረሰበት ስምምነት ፍጹም አይደለም። ቦዩ በሙሊት ላይ ከፍ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በቀይ ተሞላ። በቁፋሮ ውስጥ በሚሄድበት ቦታ ባለበት ቀረ፤ መገጣጠሚያዎቹ ግን በየሦስት ሜትሩ ተከፍተው ሬንጅ ተሞሉ፣ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ተጨመረ። ለዚያ ክፍል የተቀነሰ ዋጋ ተከፈለ።

የሠራ መሆኑን ያወቅነው በውሃ ሙከራ ነው። ቁራጩ በሁለት ጫፍ በአሸዋ ከረጢት ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶ በማግሥቱ ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለካል። ፀሐይ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ትወስዳለች። ከዚያ በላይ የጎደለው ሰርጓል። ቀዩ አፈር ላይ ያለው ሁሉም አለፈ። ጥቁሩ ላይ ሁለት ቁራጭ አላለፈም። ሁለቱም ላይ ሬንጁ መገጣጠሚያው ሳይደርቅ የፈሰሰባቸው ናቸው። ተፍቆ እንደገና ተሞላ።

ክፍያውም በዚሁ ተለወጠ። ለአንድ ቁራጭ ቦይ የሚለካው ሜትር ወደ ክፍያ ሰርተፍኬት የሚገባው ከላይኛው ጎረቤቱ ጋር ከተገናኘና ወረቀቱ ላይ በቀይ ከተከበበ ብቻ ነው። ተቋራጩ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ግን ፍሉሙን ባፋጠነ ቁጥር ከማዶ ያለው የታገደ ሜትር ሁሉ በአንዴ ስለሚለቀቅለት ራሱ ሌት ተቀን ገባበት።

በሚያዝያ ሪፖርት ሁለቱ ቁጥሮች 88 እና 81 ነበሩ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ውሃ ተለቅቆ እስከ ጅራቱ ደረሰ። ለዚያ ዓመት በጋ አልደረሰም። ችግኝ ያፈሉት ሰዎች ችግኙን ጅማ ገበያ ላይ በኪሳራ መሸጣቸውን ነግረውናል።

ጊዜያዊ ርክክቡ ሰኔ ሳይገባ ተደረገ። ከክፍያው 5 በመቶው በመያዣነት ለጉድለት ማስተካከያው አንድ ዓመት ተይዟል። ዝርዝሩ ላይ ከቀሩት ውስጥ የሁለተኛው ፍሉም የቀኝ ክንፍ ግንብና አንድ የደለል ማስወጫ በር የተቋራጩ ናቸው። የመጨረሻው ማከፋፈያ ሳጥን ግን ሦስት በር ይዞ ተነድፎ ሁለት ነው የተሠራለት። ሥራ ዝርዝሩ ሁለት ይላል፣ ስዕሉ ሦስት። ሦስተኛው በማን ወጪ እንደሚገባ አማካሪውና ተቋራጩ እስካሁን ይጻጻፋሉ፤ ማኅበሩ በበኩሉ ለጊዜው በጣውላ ዘግቶ እየተጠቀመ ነው።